«ደብዳቤ መጻፍ ነውር መሰለኝ» ላልከው ወንድሜ

ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለሌላው አንባቢ መጀመሪያ ነገሩን ባጭሩ ላስቀምጠው።

ጠያቂያችን ባህር ዳር የሚሠራ አነስተኛ ተቋራጭ ነው። ሽምብጥ በኩል፣ ከሐይቁ ብዙም ሳይርቅ፣ ለአንዲት እናት ጂ+3 የእንግዳ ማረፊያ ሠራላቸው። እሱ እትዬ ነው የሚላቸው፣ እኔም እንደዚያው ልበል። ውሉ 18 ሚሊዮን ብር ነው። ሥራው መስከረም 30 ማለቅ ነበረበት፣ ቁልፍ የተረካከቡት ግን ታኅሣሥ 14 ነው። 74 ቀን ዘገየ ማለት ነው። አሁን 1,749,000 ብር ይቀረኛል ይላል። ሪቴንሽን (ባለቤቷ ለዋስትና ከክፍያው ያስቀሩት ገንዘብ) 900,000፣ ከውል ውጪ በቃል ታዝዞ የሠራው የድንጋይ ግንብ 640,000፣ መሠረት ሲቆፈር የገባውን ውሃ 19 ቀን በፓምፕ ያወጣበት 209,000። ከእትዬ ጋር እስከዚህ ድረስ ሰላም ነበሩ። ከዚያ ልጃቸው ከአዲስ አበባ መጣ፣ ውሉን አነበበ፣ «ለዘገየበት ቀን 0.1 በመቶ ቅጣት ይላል፣ 1,332,000 ብር ይቆረጣል፣ 417,000ህን ውሰድና እንለያይ» ብሎ በቴሌግራም ጻፈለት።

ጥያቄው ደግሞ ይሄ ነው፦ «ሁሉም ነገር በቃል ነበር። እንደ እናቴ የማያቸው ሰው ስለሆኑ ደብዳቤ መጻፍ ነውር መሰለኝ። ግንበኞቹም ዘበኛውም ይመሰክሩልኛል። ውሉ ላይ ‘አለመግባባት ቢፈጠር በሽማግሌ ይታያል’ ይላል። በምስክር ብቻ ግልግል ላይ አሸንፋለሁ?»

በምስክር ብቻ? አይመስለኝም። ግን አንተ የለኝም ከምትለው በላይ ማስረጃ አለህ። የምትከራከርበትንም ነገር ትንሽ የሳትከው ይመስለኛል። ቀስ ብለን እንየው።

መጀመሪያ የልጁን መልእክት ተመልከት። 417,000 ያለው ከየት መጣ? ካንተ 1,749,000 ላይ 1,332,000 ሲቀነስ ነው። አየህ፣ የግንቡንም የውሃውንም ዋጋ ሳይነካ ነው ቅጣቱን የቀነሰው። «ለሰላም ብዬ ያልኩት ነው እንጂ አምኜ አይደለም» ማለቱ አይቀርም፣ እሱን ሊያስኬድለት ይችላል። ቢሆንም ያ መልእክት እንዳይጠፋብህ። ቴሌግራም ላይ በሁለት ሰው ንግግር ውስጥ አንዱ የጻፈውን ከሁለታችሁም ስልክ ላይ ማጥፋት እንደሚችል ብዙ ሰው አያውቅም። ዛሬ ማታውኑ ኮምፒውተር ላይ ከፍተህ ንግግሩን ሙሉ በሙሉ ኤክስፖርት አድርግ፣ ከነድምፁ፣ ከነፎቶው። ስክሪንሾት ብቻ አይበቃም፣ ከላይ ከታች ተቆርጧል ይሉሃል።

አሁን ወደ ሳትከው ነገር። ጥያቄህ ሙሉ በሙሉ ስለ ግንቡ ነው። 640,000 ብር ትልቅ ገንዘብ ስለሆነ አልፈርድብህም። ግን ሒሳቡን እንሥራው። 18 ሚሊዮን በ0.1 በመቶ ሲባዛ በቀን 18,000 ብር ነው። ግንቡን ስትሠራ 25 ቀን፣ ውሃ ስታወጣ 19 ቀን ሄደብኝ ብለሃል። ድምሩ 44 ቀን። እነዚህ ቀናት የእኔ ጥፋት አይደሉም ብለህ ማሳየት ከቻልክ ከቅጣቱ 792,000 ብር ይወርዳል። ከግንቡ ዋጋ ይበልጣል! እኛ አገር ተቋራጭ ሁልጊዜ የሚሟገተው ስለሠራው ሥራ ገንዘብ ነው። ስለ ቀን የሚሟገት የለም ማለት ይቻላል። ገንዘቡ ያለው ግን ብዙ ጊዜ ቀኑ ላይ ነው። ያልጻፍካት አንዲት የዳያሪ (የሳይት የቀን መዝገብ) ገጽ ያንተ ሳይት ላይ 18,000 ብር ታወጣ ነበር።

ግንቡ እንዲያውም ቀላሉ ነው። ቆሟል። 32 ሜትር ርዝመት፣ 2.5 ሜትር ቁመት፣ በአማካይ 0.8 ሜትር ውፍረት ካልክ 64 ሜትር ኩብ ነው፣ ማንም ሜትር ይዞ ሄዶ ይለካዋል። አከራካሪው «ማን አዘዘ» የሚለው ብቻ ነው። ልጁ «የራስህን ሥራ ከጎርፍ ለመከላከል የሠራኸው ነው» ይልሃል። እዚህ ጋ ጥያቄህ መጨረሻ ላይ እንደ ቀልድ ጣል ያደረግካት ነገር አለች። እትዬ በድምፅ «ግንቡን እስከ ጥጉ አድርስልኝ ልጄ፣ ክረምት ውሃው እንዳይገባብኝ» ብለው ልከውልኝ ነበር አልክ። ወንድሜ፣ ይሄንን ነው መጀመሪያ መጻፍ የነበረብህ! ዘበኛው ከሚመሰክርልህ ሁሉ ይሄ ይበልጣል። ድምፁን ቃል በቃል ወረቀት ላይ ገልብጠው፣ የተላከበትን ቀንና ሰዓት ጻፍበት፣ ዋናውን ፋይል ደግሞ አትንካው።

ስለ ቀንና ሰዓት ካነሳን አንድ ነገር ልጨምር። ስልክህ ጁላይ 12፣ 15፡10 ይላል። ዳያሪ ላይ ብትጽፈው ሐምሌ 5፣ 9፡10 ነው የምትለው። ያው ቀን ያው ሰዓት ነው፣ እኔና አንተ እናውቀዋለን። ሰነድ ሲቀርብ ግን አንዱ ባለሙያ በፈረንጅ ሌላው በኢትዮጵያ እያሰላ አንድ ሳምንት ሙሉ ሲምታታ አይቻለሁ። የማስረጃህን ዝርዝር ስታዘጋጅ ሁለቱንም ጎን ለጎን ጻፋቸው።

ውሃው ነው ከባዱ። ውሃ ተመጥጦ ሄዷል። የሚለካ ነገር የለም። እዚህ ላይ የራሴን ልንገርህ፣ አፍሬም ቢሆን።

ወጣት ሳይት መሐንዲስ ሳለሁ እዚሁ ሐይቁ ዳር አንድ ሕንፃ ላይ ነበርኩ። ክረምቱ ወጣ፣ ፀሐይ ሆነ፣ ቁፋሮ ጀመርን። ጥቅምት ውስጥ ጉድጓዱ በውሃ ተሞላ። ዝናብ ሳይኖር! ያኔ ያልገባኝ ጣና ከፍ የሚለው ዝናቡ በሚበረታበት በሐምሌ ሳይሆን ወንዞቹ ሁሉ ገብተው ካበቁ በኋላ፣ መስከረም ማለቂያና ጥቅምት ላይ መሆኑ ነው። የከርሰ ምድር ውሃውም አብሮት ይነሳል። ሁለት ፓምፕ ተክለን 23 ቀን ቀን ከሌሊት መጠጥን። ሌሊት ናፍጣ የሚሞላው ልጅ እዚያው ኮንቴይነር ሥር ይተኛ ነበር። ነገሩ ግልግል ሲደርስ ዳያሪው ተጠየቀ። ዳያሪውን የምጽፈው እኔ ነበርኩ። የአማካሪው ተጠሪ «ችግር» የሚል ቃል ሲያይ ስለሚቆጣ፣ እኔም መገሠጽ ስለማልወድ፣ 23ቱንም ቀን «የቁፋሮ ሥራ በጥሩ ሁኔታ ቀጥሏል» ብዬ ጽፌያለሁ። በራሴ እጅ ጽሑፍ። የሌላኛው ወገን ጠበቃ ገጹን ገልብጦ ጮክ ብሎ አነበበልኝ። የተፈቀደልን 6 ቀን ብቻ ነበር፣ እሱም የናፍጣ ደረሰኝ በአጋጣሚ ተያይዞ የተገኘባቸው ቀናት። ምስክር አቅርበን ነበር፣ ስድስት ሰው። ዳኞቹ በትዕግሥት ሰሟቸው፣ ከዚያ ወደ ዳያሪው ተመለሱ።

ለምን እንደዚያ ይሆናል? ምስክር ስለሚዋሽ አይደለም። ግንበኛህ ውሃ መግባቱን ያስታውሳል፣ 19 ቀን ይሁን 11 ቀን ግን አያስታውስም። ሊያስታውስም አይችልም። አንድ በባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ ጉዳይ አለ፣ በ2003 በፈረንጆቹ በደቡብ አትላንቲክ የፎክላንድ ደሴቶች ላይ የተፈረደ። ውሉ በፊዲክ (የዓለም አቀፍ አማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን ያወጣው የግንባታ ውል ናሙና) አራተኛ እትም ነው። ተቋራጩ በወቅቱ መዝገብ አልያዘም፣ በኋላ የምስክር ቃል አስጽፎ ክፍተቱን ሊሞላ ፈለገ። ፍርድ ቤቱ አይሆንም አለ። «የወቅቱ መዝገብ» ማለት ነገሩ በተከሰተበት ጊዜ ወይም በዚያው አካባቢ የተዘጋጀ ሰነድ ነው፣ ከዓመት በኋላ የተጻፈ ቃል በእሱ ቦታ አይገባም። የተጻፈው ነገር አሻሚ ሲሆን ምስክር ሊያብራራው ይችላል። ምንም ያልተጻፈበትን ቦታ ግን አይሞላም። እርግጥ የፎክላንድ ፍርድ ባህር ዳር ላይ ማንንም አያስገድድም። ፊዲክን መነሻ ያደረጉ ውሎች ግን እኛም ጋ በሽ ናቸው፣ አስተሳሰቡም እዚሁ ዳኛ ፊት ያጋጥምሃል።

ታዲያ ያንተ 19 ቀን ምን ይሁን? ተስፋ አትቁረጥ። አንተ አልጻፍክም እንጂ ሌሎች ሰዎች ጽፈውልሃል። የናፍጣ ደረሰኝ። ፓምፕ ተከራይተህ ከሆነ የኪራይ ደረሰኝ። የቀን ሠራተኞች የክፍያ ሊስት፣ አሻራም ቢሆን የፈረሙበት፣ እዚያ ላይ «የሌሊት ፓምፕ ጠባቂ» የሚል ስም ካለ በጣም ጥሩ። የዘበኛው ደብተር፣ ሲኖትራክ ሲገባ ሲወጣ የሚጭርባት። የመሠረቱ ኮንክሪት ኪዩብ (ለጥንካሬ ምርመራ የሚወሰድ ናሙና) ለላብራቶሪ ሄዶ ከሆነ ውጤቱ ላይ የተሞላበት ቀን አለ፤ ቁፋሮው ያለቀበትና ኮንክሪት የተሞላበት ቀን ምን ያህል እንደተራራቀ እሱ ይናገራል፣ ማኅተም ያለበት ስለሆነ ደግሞ ማንም አይከራከረውም። የሕንፃ ሹም ሰው መሠረት ሊያይ መጥቶ «ውሃው ይውጣና እንመለሳለን» ብሎ ከሆነ እሱም ጋ የሆነ ነገር ተጽፏል። ለገንዘብ ደግሞ ሞባይል ባንኪንግህን ክፈት። ስትልክ «ምክንያት» የሚለው ቦታ ላይ ምን እንደጻፍክ እይ። ብዙዎቻችን «ብር» ብለን ነው የምንልከው፣ ምናልባት አንተ «ናፍጣ» ብለህ ይሆናል።

ከሁሉም የበለጠው ግን የአፈር ምርመራው ነው። እትዬ የሰጡህ ሪፖርት ውሃ በ3.5 ሜትር ይገኛል ይላል፣ እናንተ በ2.2 ሜትር አገኛችሁት ብለሃል። ሪፖርቱ የተሠራው በየትኛው ወር ነው? እንደምጠረጥረው ግንቦት ከሆነ ነገሩ ተፈታ ማለት ነው። ግንቦትና ሰኔ መግቢያ ሐይቁ በዓመቱ ዝቅ የሚልበት ጊዜ ነው፣ ከጥቅምቱ ጋር ከአንድ ሜትር በላይ ልዩነት አለው። በደረቅ ወር ተቆፍሮ የተለካን ውሃ ይዘው ለጥቅምት ቁፋሮ ዋጋ አስገቡህ። ይህን ሰነድ የጻፍከው አንተ አይደለህም፣ ያቀረቡት እነሱ ናቸው። እንዲህ ያለ ማስረጃ ዳኛ ፊት ሲቀርብ ደስ ይላል።

ልጁ ምን እንደሚመልስልህም ልንገርህ፣ እንዳትደናገጥ። «ባህር ዳር ያደግክ ተቋራጭ ነህ፣ ጥቅምት ላይ ሐይቁ እንደሚሞላ አላውቅም ነበር ትላለህ?» ይልሃል። ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ ዳኛ ብሆን ቀኑን ልሰጥህ፣ የፓምፑን ወጪ ግን ልከለክልህ እችላለሁ። ግማሽ በግማሽ ማለቴ ነው። ይህን ከወዲሁ አስበህ ግባ።

ሲሚንቶ ጠፍቶብኝ 12 ቀን ቆሜያለሁ ያልከውን እኔ አላነሳውም። ቢነሳም ከግንቡ ቀናት ጋር 5 ቀን ይደራረባል፣ አንድ ቀን ደግሞ ሁለቴ አይቆጠርም። ዋጋ መጨመሩን በተመለከተማ ሕጉ ግልጽ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1794 መሠረት በውል ካልተስማሙ በቀር ለሥራው የሚያስፈልግ ዕቃ ዋጋ መጨመር ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ስንቱ ተቋራጭ ሴራሚኩንና አሉሚኒየሙን ይዞ ይህን ክርክር ሞከረ መሰለህ። ውሉ ውስጥ የዋጋ ማስተካከያ ከሌለ አይሄድም። ደካማ ነጥብ ከጠንካራው ጋር ቀላቅለህ ስታቀርብ ጠንካራውን ያሳንስብሃል።

አሁን ወደ ነውሩ እንምጣ። እውነት ለመናገር ጥያቄህን ለመመለስ የተነሳሁት በዚህች ምክንያት ነው።

እኛ ጋ ደብዳቤ ጠብ ነው። ሰው ደብዳቤ ሲደርሰው «ከሰሰኝ» ነው የሚለው። እትዬ ሳይት ሲመጡ ቡና ተፈልቶ፣ «ልጄ» እያሉ፣ ምሳ በልተህ እንደሆን ጠይቀው፣ ከዚያ ወዲያ አንተ ቁጥርና ቀን ያለው ወረቀት ብትሰጣቸው ፊታቸው የሚለወጥ ይመስልሃል። ይገባኛል። ግን መጻፍ የሚያስነውረው ስትጣላ ብቻ ስለምትጽፍ ነው። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ፣ ለደጉም ለክፉውም፣ ትንሽ ትንሽ ብትጽፍላቸው ኖሮ ይለምዱት ነበር። እኔ የማውቀው አንድ ተቋራጭ አለ፣ ለባለቤቶቹ በየቅዳሜው በቴሌግራም አጭር ነገር ይልካል። ሦስት ፎቶ፣ አምስት መስመር። ሰላምታ አለው፣ በዓል ከሆነ እንኳን አደረሰዎ አለው። ሰዎቹ ይወዱታል፣ ውጭ አገር ላሉት ልጆቻቸው ሁሉ ያስተላልፉታል። ያ ሁሉ ግን ማስረጃ ነው።

ግንቡን ባዘዙህ ማግስት እንዲህ ብትጽፍላቸው ኖሮ ምን ነውር ነበረው?

«እትዬ፣ እንደምን አደሩ። ትናንት ሐምሌ 5 ከሰዓት በላኩልኝ ድምፅ የድንጋይ ግንቡን እስከ ጥጉ እንዳደርሰው ነግረውኛል፣ እሺ ብያለሁ። ሥራው በውላችን ውስጥ ስለሌለ እንዳንረሳው ብዬ ነው የምጽፍልዎ። 64 ሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል፣ በሜትር ኩብ 10,000 ብር ቢታሰብ 640,000 ብር ነው። 25 ቀንም ይጨምርብናል። ሐሳቡ ከተስማማዎ እሺ ብለው ይመልሱልኝ፣ ሰኞ ድንጋይ አስገባለሁ።»

በቃ። እዚህ ውስጥ ክስ የለም። ማን፣ መቼ፣ ምን፣ ስንት ብር፣ ስንት ቀን። «እሺ ብለው ይመልሱልኝ» የምትለዋን ግን አትዝለላት። በሕጋችን ዝም ማለት እንደ መቀበል አይቆጠርም፣ አንቀጽ 1682 ነው። ዝም ካሉ ደውልላቸው፣ ከዚያ «በስልክ እሺ ብለውኛል፣ አመሰግናለሁ» ብለህ እንደገና ጻፍ። በጽሑፍ የተደረገን ውል በቃል አሻሻልን ማለት ምን ያህል እንደሚያስቸግር አሁን ራስህ እያየኸው ነው።

ፎቶን በተመለከተ፣ ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ስትልከው ተጨምቆ ነው የሚሄደው፣ ውስጡ ያለው የተነሳበት ቀንና ቦታ ይጠፋል። እንደ ፋይል ላከው። ኢንተርኔትን ብቻ ማመንም አደጋ አለው። በ2015 ክረምት ክልሉ ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ መዝገባቸው ሁሉ ቴሌግራም ላይ የነበረ ሰዎች ምን እንደሆኑ አይቻለሁ። ደብተር ግዛ። የሚሸፈን ነገር፣ ፌሮም ሆነ የመሠረት ድንጋይ፣ ከመሸፈኑ በፊት ከባለቤቱ ሰው ጋር ለክተህ አስፈርም። በዚህ ላይ ብዙ አልልም፣ የሚገባህ ነገር ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። አሁን፣ ነገሩ ከተበላሸ በኋላ፣ ቁጭ ብለህ የጥቅምትን ዳያሪ በጥቅምት ቀን እንዳትጽፍ! ብዙ ሰው ይመክርሃል። ፎርማንህ ራሱ «ኢንጂነር፣ እኔ ልሙላው?» ይልሃል። አንድ ጊዜ ከሦስት ዳኞች አንዱ ሆኜ ተቀምጬ እንዲህ ያለ ደብተር ቀረበልን። ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ ሦስት ወር ሙሉ። በየቀኑ «ከባድ ዝናብ» ይላል። ደብተሩ ግን ፏ ያለ ነው። አንድ ገጽ አልተጨማደደም፣ አንድ ቦታ ላይ እንኳ የጭቃ ጣት የለበትም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ሰማያዊ እስክሪብቶ ነው። ክረምት የባህር ዳር ሳይት ላይ የዋለ ደብተር እንደዚያ አይሆንም። ከዚያ የሜትሮሎጂ መረጃ ተጠየቀ፣ «ከባድ ዝናብ» ከተባሉት ቀናት የተወሰኑት ላይ ጠብ አላለም። ሰውየው እውነተኛ ጥያቄዎችም ነበሩት። ከዚያ በኋላ ግን የሚለውን ማን ይመነው።

አንተ ማድረግ የምትችለው ሌላ ነው። «ይህ ከደረሰኞችና ከመልእክቶች ተነስቼ ዛሬ ያዘጋጀሁት የጊዜ ቅደም ተከተል ነው» ብለህ ርዕስ ስጠው፣ የዛሬን ቀን ጻፍበት፣ በእያንዳንዱ መስመር ጎን የትኛው ደረሰኝ ላይ እንደተመሠረተ አመልክት። ክፍተት ያለበትን ቦታ ክፍት ተወው። ዳኛ ክፍት ቦታ ሲያይ አይቆጣም። ከዚህ ላይ ደግሞ ሠንጠረዥ ሥራ፤ አንዱ ዓምድ ያንተ ጥያቄ፣ ቀጥሎ ማስረጃው፣ ቀጥሎ የእነሱ መልስ፣ የመጨረሻው ባዶ፣ ለዳኛው። አምስት መስመር ብቻ ናት ያንተ ጉዳይ። 300 ገጽ ፋይል ይዞ ከሚመጣ ሰው ይልቅ ይህን ይዞ የሚመጣ ይሰማል።

አሁን «በሽማግሌ ይታያል» የምትለዋ። ይቺ ሐረግ ስንቱን አቃጥላለች። ሽማግሌ ያስታርቃል፣ የግልግል ዳኛ ይፈርዳል። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። የድሮው የፍትሐ ብሔር ሕግ «የዘመድ ዳኛ» ይለው ስለነበር ይሆናል ሰው የሚያምታታው። አሁን የሚሠራው የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ግን ግልግልን ለብቻ፣ ዕርቅን ለብቻ ነው ያስቀመጠው። ያንተ ውል ላይ ያለው አባባል ለእኔ ወደ ዕርቅ ያደላል፣ ጠበቃ ቢይዘው ወዲያም ወዲህም ሊጎትተው ይችላል። እሱ ላይ አንድ ዓመት ከምትከራከሩ አዲስ ስምምነት ጻፉ። የግልግል ስምምነት ጠብ ከተነሳ በኋላም ሊደረግ ይችላል፣ በጽሑፍ ይሁን እንጂ። «ከዚህ ውል የተነሳው የክፍያና የመዘግየት ክርክር በአንድ የግልግል ዳኛ፣ ባህር ዳር ላይ፣ በአማርኛ ታይቶ በመጨረሻ ይወሰናል» የሚል ሦስት መስመር፣ ከዚያ የዳኛው አመራረጥና ክፍያው እንዴት እንደሚሸፈን። ቁጥሩን ካልጻፋችሁ ሦስት ዳኛ ነው የሚሆነው። ለ1.7 ሚሊዮን ብር ሦስት ዳኛ መቅጠር ከሁለታችሁም ላይ ነው የሚበላው። አንድ፣ መሐንዲስ የሆነ፣ ውል ማንበብ የሚችል ይበቃችኋል። ውሳኔው ላይ ይግባኝ እንደሌለ እወቅ፣ እናንተ በተለየ ካልተስማማችሁ በቀር፤ መሠረታዊ የሕግ ስህተት ካለበት ወደ ሰበር የሚሄድበት በር ግን አለ። ባለቤቱ መንግሥት ቢሆን ደግሞ ነገሩ ሌላ ነበር፣ የአስተዳደር ውል ሕግ ካልፈቀደ በግልግል አይታይም። እትዬ መንግሥት አይደሉም።

እኔ ብሆን መጀመሪያ ሽማግሌውን እሞክራለሁ፣ እውነቴን ነው። እትዬ ራሳቸው የሚሰሟቸው አንድ ሁለት ሰው አታጣም። ግን ባዶ እጅህን እንዳትሄድ። ሽማግሌ ባዶ እጁን የመጣን ሰው መሃል ላይ ቆርጦ ነው የሚለቀው፣ አንተ 1.7 ትላለህ እነሱ 0.4 ይላሉ፣ አንድ ሚሊዮን ብለው ይገላግሏችኋል። ያቺን ሠንጠረዥ በአማርኛ፣ በትልቁ ጽፈህ አስቀምጥላቸው። ሲጀምሩ ደግሞ «እዚህ ለዕርቅ ተብሎ የተባለ ነገር በኋላ በማንም ላይ አይጠቀስም» የምትል መስመር አስጽፍና ሁላችሁም ፈርሙባት። ያኔ «ለሰላም ብዬ የፓምፑን ግማሽ ልተው» ብትል ነገ ግልግል ላይ አይመጣብህም።

ከቅጣቱ ላይ የቀሩ ሁለት ነገሮች ልጨምርልህ። ኅዳር 26 ላይ የሁለት ፎቅ ቁልፍ ተረክበው አልጋ አስገብተዋል ብለሃል። አልጋው ሲወርድ የተነሳ ፎቶ ካለህ፣ ወይም ያመጣው አይሱዙ ሾፌር ደረሰኝ ካለው፣ ፈልገው። ግማሽ ሕንፃ እየተጠቀሙ ለሙሉ ሕንፃ ቅጣት መቁጠር ያከራክራል። ሌላው፣ መስከረም 30 ካለፈ በኋላ «ዘግይተሃል» ብለው በጽሑፍ አስጠንቅቀውሃል? አንቀጽ 1772 ውል አልተፈጸመም ለሚል ሰው ማስጠንቀቂያ መስጠትን ይጠይቃል። ውልህ «ቀኑ ካለፈ ያለ ማስጠንቀቂያ ቅጣት ይቆጠራል» የሚል ከሆነ አይሠራልህም፣ ዝም ካለ ግን ጥሩ መከራከሪያ ነው። ይሄው አንቀጽ ግን በአንተም ላይ ይሠራል። ቀሪ ገንዘብህን የጠየቅክበት አንድ ወረቀት የለህም። በዚህ ሳምንት ጻፈው፣ በትሕትና፣ ለእትዬ በስማቸው፣ ቅጂ ላይ አስፈርመህ። እምቢ ካሉ በሪኮማንዴ (በአደራ) ፖስታ ላከውና ደረሰኙን ያዝ። ልጃቸው ፍርድ ቤት ከቀደመህ ደግሞ «ጉዳዩ በግልግል ነው የሚታየው» የሚለውን ዋናው ክርክር ሳይጀመር በምታቀርበው የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያህ ላይ አንሳው፣ ካለፈህ አይመለስም።

ግንቡን ለመለካት ልጁም ሰው እንዲልክ ጋብዘው። ካልመጣም ጋብዘኸዋል። የአፈር ምርመራውን የመጀመሪያ ገጽ ደግሞ አሁኑኑ አውጥተህ እይ፤ ቁፋሮው የተደረገበት ቀን ከታች በኩል ነው የሚጻፈው፣ አንዳንዱ ሪፖርት ላይ ደግሞ የጉድጓዱ ሥዕል ጥግ ላይ። ግንቦት ይሁን ሌላ ወር ጻፍልኝ፣ ስለ ውሃው ያልኩህ ግማሹ በእሱ ላይ ነው የቆመው።